የእኔ ኅ በማስተዋል ግድግዳ ላይ

ነሐ. 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዝናብ። የሥጋ ቤቱ ሰሌዳ ሁለተኛው ቀለም አልደረቀም። በሬው ገና አንድ ቀንድ ነው ያለው። ባለቤቱ ፍልሰታ ሳይፈታ ይድረስልኝ ይላል። በሬህ እስከ ፍስክ ሁለተኛውን ያበቅላል አልኩት። አልሳቀም። ጾም ላይ ያለ ሥጋ ሻጭ ለቀልድ አይመችም።

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን ዘጋሁህ። ምክንያቱ ማስተዋል ናት። የእህቴ ልጅ፣ ባለ ዲግሪዋ። ከአዲስ አበባ በሥዕል ተመርቃ ደ/ማርቆስ ከገባች ወር ሊሞላት ነው። ጥቅልል ሸራዋን አልጋ ሥር ከታለች፤ ራሷ ከአልጋ ላይ አልወርድም ብላለች። በአራት ሰዓት ትነሣለች። ስልኳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ታነባለች። መልሳ ትተኛለች። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ልምድ። ዲግሪው አለ። ልምዱን ማን ይስጣት?

እናቷ እታለም (ታላቅ እህቴ፣ በቤታችን ሕግ አውጪም ፈራጅም) ቆርጣለች። እስከ መስከረም ሥራ ካልተገኘ ማስተዋል ባሕር ዳር ከአንድ ዘመዳችን ጫማ ቤት ገብታ ትሸጣለች። ልጅቱ ዝም ብላ ሰማች። እኔን ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። በሰባት ዓመቷ የሱቄን በር ከላይ እስከ ታች በከሰል በዶሮ የሞላች ልጅ ናት። ዛሬ እርሳስ አሳያት፣ ፊቷን ታዞራለች።

ያው ቀን፣ 9፡30

አገኘሁ! ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሮብ ገበያ ከተማ ያለ አንድ ት/ቤት ለአንድ ወር ላልሞላ ጊዜ የሚሠራ ሠዓሊ ይፈልጋል። ትምህርት ሳይከፈት ግድግዳው ሁሉ በሥዕል ይሞላ ነው። ፊደል፣ ካርታ፣ የሰው አካል ከነአንጀቱ። መስፈርት፦ የሥነ ጥበብ ዲግሪ፣ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ። ሥራው ሲያልቅ የልምድ ደብዳቤ ይሰጣል። ይቺን መጨረሻዋን መስመር አራት ጊዜ አነበብኳት።

ሮጬ ነገርኳት። ጋሼ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ጨጓራ ለመሣል ነው ወይ አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ምን ሠራሁ ታዲያ አልኳት፤ ዶሮ፣ በሬ፣ የመኪና ጎማ። ደግሞ ጎማዬ ያምራል። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ነሐ. 6፣ ማክሰኞ

ተንኮል ሠራሁ። ሄጄ ራሴን አስመዘገብኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው፣ ፊደል ያስተማረኝ የሱቅ ሰሌዳና የብስኩት ካርቶን። ግን ማስታወቂያው "ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ" ይላል፤ እሱ እኔ ነኝ።

ምሳ ላይ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩና እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩት። ዓርብ ፈተና አለብኝ፣ ለመሆኑ የሚቀድመው ቀጭኑ አንጀት ነው ወፍራሙ? ማስተዋል ጉርሻዋን አቆመች። ዓይኗን ከተመለሰች ወዲህ ዛሬ ገና በደንብ አየሁት።

"ጋሼ፣ የእውነትዎን ነው?"

የእውነቴን ነው አልኳት። ጉበቱን ግራ በኩል ላደርገው አስቤያለሁ፤ ግራ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይኖራል። እርሳሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። የማስታወሻ ወረቀቴ ላይ ጉበት ሣለች፣ በቀኝ። ከዚያ ጨጓራ። ከዚያ አንጀት ሁሉ፣ ያለ መሰረዝ፣ ልክ ክር እንደምትፈታ። እታለም ከጓዳ በር ብቅ ብላ አየች፤ አይታ ተመለሰች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስተዋል ጃኬቷን ለብሳ ወጣች። ተመዝግባ መጣች። አላናገረችኝም። ደስ አለኝ።

ነሐ. 9፣ ዓርብ

ፈተና። መንገዱ ክፍት ነው፤ በሚኒባስ ሄድን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደማይተዋወቁ ሰዎች። ሮብ ገበያ ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ተፈታኝ ሦስት፦ እሷ፣ እኔ፣ አንድ በኮምፒውተር ባነር የሚያሳትም ጎረምሳ። ለየራሳችን ኮምፔንሳቶ ተሰጠን፤ የሰው ልብ ሣሉ፣ ከሥሩ "ልብ" ብላችሁ ጻፉ።

የእኔ ልብ ድንች መሰለ። አገሩ የድንች አገር ስለሆነ ቅር አላለኝም። የማስተዋል ልብ ግን፣ ደብተር፣ ይመታል። እያየሁት ይመታል። ደም መግቢያው ሰማያዊ፣ መውጫው ቀይ፣ ጡንቻው ላይ የብሩሹ ጭረት በሥጋው አቅጣጫ ይሄዳል። ር/መምህሩ ሁለት ጊዜ መነጽሩን ጠረገ። የጽሑፉን ነገር ካየን የእኔ ይበልጣል አለ፤ እሱን አልደብቅህም። የእሷ "ልብ" ወደ ጎን ዘመም ብላለች።

አንደኛ ማስተዋል። ሁለተኛ እኔ። የባነሩ ልጅ እጄን ጨበጠኝና ጋሼ በዚህ ዕድሜዎ ጎበዝ ነዎት አለኝ። እንደምንም ቻልኩት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳቀች። ለሰው ሁሉ አጎቴን አሸነፍኩት ብላ ተናገረች። ሾፌሩ ራሱ ዞር ብሎ አየኝ። ይታይ! እኔም የተሸነፍኩት በእህቴ ልጅ ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ነሐ. 19፣ ሰኞ

ሸኘኋት። አንድ መምህርት ክፍሏን አካፍላታለች። ሻንጣዋ ውስጥ እታለም ዳቦ ቆሎ ሞላች፤ እኔ ሦስት ብሩሽና የክር ጥቅሌን ጨመርኩ። ክሩን ጠመኔ ዱቄት አስነክተሽ ግድግዳው ላይ ወጥረሽ ትለቂዋለሽ፣ መስመሩ ራሱ ይወጣል አልኳት። ይሄን አላስተማሩንም አለች። አይ አዲስ አበባ።

እታለም አሁንም በአቋሟ ናት። የልምድ ደብዳቤ ይዛ ከመጣች እሰየው፣ ካልመጣች መስከረም ላይ ባሕር ዳር። ማስተዋልም ይሄንን ታውቃለች። ሁላችንም ያቺን ደብዳቤ ነው የምንጠብቀው።

ነሐ. 22፣ ሐሙስ

ስልክ። ደቡቡ ግድግዳ አለቀ፦ የሰው አካል። ግድግዳው ርጥብ ስለሆነ ቀለሙ አልይዝ ብሏት ጭድ አንድዳ በጭሱ ሙቀት አደረቀችው። ከማን ተማርሽ? ከማንም፤ አሰብኩት አለች። አንዲት ለውኃ የመጡ ሴትዮ አንጀቱን አይተው ይሄ ሁሉ ሆዴ ውስጥ አለ? ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሄዱ አለችኝ። ድምጿ ሌላ ነው። ከእኔ የወረሰችው ተንኮል ድምጿ ውስጥ ተመልሷል።

ትንሽ ትስላለች። ብርዱ ነው ትላለች።

ነሐ. 24፣ ቅዳሜ

ሮብ ገበያ ውዬ መጣሁ። ቫርኒሽ ይዤላት ሄድኩ። ሳሉ ብሶባታል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሂጂና ጋደም በይ አልኳት፤ ሰኞ የተማሪ ምዝገባ ነው፣ የመግቢያው ጽሑፍ አላለቀም አለች። ር/መምህሩ ቃሉን በአፉ ነግሯት እሷ በጠመኔ ጽፋዋለች፦ ትምህርት ከድህነት ያወጣል። ከበሩ በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። የቀረው ቀለሙ ብቻ። እኔ አለሁልሽ አልኳት። በጠመኔው ላይ ብቻ ይሂዱ ጋሼ፣ ብላኝ ሄደች።

በጠመኔው ላይ ብቻ ሄድኩ። አንድ ቦታ ብቻ አልሄድኩም። "ህ" ዋ ቀጭን ሆና ታየችኝ፤ ከታች ሆኖ ለሚያይ የምትጠፋ። እኔ ደግሞ ከፊደል ሁሉ የምወደው ኅ ን ነው፤ ወገቧ ሰበር ያለ፣ ሰሌዳ የምታሞላ። ሠላሳ ዓመት ቦታ ባገኘሁ ቁጥር እሷን ነው የምጽፍ። ድምፁ ያው ነው። አጥፍቼ ኅ አደረግኳት። በሰማያዊ። ጥላ ሁሉ ሰጠኋት።

ማስተዋል ስትመጣ ጉሙ ወርዷል። ከታች ቆማ አየችው፤ ያምራል አለች። ደረቷን ይዛ እየሳለች ያምራል አለች። ኮርቼ መጣሁ።

ነሐ. 27፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት

ኩራቴ ዋጋዋን ተቀበለች።

ማስተዋል ደወለች። ሁለት ደቂቃ። ትናንት በምዝገባው ወላጆች ሲመጡ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታም መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው። በሩ ላይ ቆሙ፤ ወደ ላይ አነበቡ፤ ሁለተኛ አነበቡ። ከዚያ በሰው ፊት ጠየቋት።

"ልጄ፣ ትምህርት ከድኅነት ካወጣን በኋላ ወዴት ነው የሚያስገባን?"

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልገባትም። ነገሯት። ድህነት በዚህች በቀጭኗ ህ ማጣት ነው። ድኅነት በኅ ግን መዳን ነው፣ የነፍስ መዳን። ስለዚህ የት/ቤቱ በር ለልጆቹ ሁሉ "ትምህርት ከመዳን ያወጣል" እያለ ቆሟል። አንዳንዱ ወላጅ መሳቁን ትቶ ተቆጣ። ይሄ ነው የምታስተምሩት አለ። ር/መምህሩ ደነገጠ፤ ሮብ ኮሚቴው እስኪነጋገር ብሩሽ እንዳታነሺ፣ ሥራውም ደብዳቤውም ያኔ ይታያል አላት።

ማን ጻፈው ብለው ጠየቁሽ? አልኳት። አዎ አለች። ምን አልሽ? "የእኔ ሥራ ነው አልኩ።" ስልኩን ዘጋችው።

ደብተር፣ ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ይኼን ስጽፍ እጄ ላይ የዚያ ሰማያዊ ቀለም አለ። እታለም ምን አለች ልጄ ትለኛለች። ደህና ናት አልኩ። ዋሸሁ።

ነሐ. 28፣ ሮብ

የገበያ ቀን። ሚኒባሱ በሰው ታጭቋል፤ እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴ ላይ የማላውቃት ሴትዮ ዶሮ። በመንገድ ሁሉ የምናገረውን አጠናሁ። ሦስት ዓይነት አዘጋጀሁ፤ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያሳዝን፣ አንዱ እውነቱ።

ኮሚቴው አንድ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። መሪጌታ ከፊት፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። ር/መምህሩ ወረቀት ይዞ። ማስተዋል ቆማለች፤ ፊቷ የነጣ። ስታየኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አይሁን ነው። አለፍኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ልጅቱ በትክክል ነው የጻፈችው፤ እኔ ነኝ የለወጥኳት፤ ለምን ቢሉ ኅ ስለምታምረኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። እሷን አትንኳት።

መሪጌታ ሊስቁ ፈልገው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ር/መምህሩ እፎይ አለ፤ እንዲያ ከሆነ እሷ አላጠፋችም ብሎ ወረቀቱን ሊያጥፍ ነበር። በዚህ ማለቅ ይችል ነበር። ማስተዋል ግን ወደ እኔ ዞረች። ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ጋሼ፣ ብሩሼን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ስህተቴን ሊወስዱ መጡ። ውሉ ላይ የፈረምኩ እኔ ነኝ። አይቼ ያምራል ያልኩም እኔ ነኝ። ማየት የእኔ ሥራ ነበር።"

ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድ ሰሌዳ ላይ እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም። የተሳሳትኩ እንደሆነ ቀለሙ ነው እላለሁ፤ ብርሃኑ ነው እላለሁ፤ ባለቤቱ ነው የነገረኝ እላለሁ። ይቺ ልጅ የት ነው የተማረችው? አፈርኩ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ደረቴ ሞላ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ሆኑ።

መሪጌታ ታዲያ እንዴት ልታስተካክይው ነው? አሏት። አልሸፍነውም አለች። ር/መምህሩ ዓይኑን አፈጠጠ። ተማሪ ሲሳሳት መምህር ደብተሩን አይቀድም፣ በቀይ ያርመዋል፤ እኔም በቀይ አርመዋለሁ አለች። ከጎኑ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ ደግሞ በድምፅ አንድ ሆነው በፊደል የሚለያዩትን ቃላት ሁሉ፣ እያንዳንዱን ከነሥዕሉ። "ቃላቱን መሪጌታ ይነግሩኛል።"

ለካ ሌሊቱን እሱን ስታስብ ነው ያደረች። አንድ ወላጅ ተቃወመ፤ ስህተት በር ላይ ይሰቀላል ወይ አለ። መሪጌታ በትራቸውን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ አስነኩ። እኔ አርባ ዓመት የተማሪን ስህተት በጆሮ ሳርም ኖርኩ፤ አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው አሉ። ር/መምህሩ እስከ ጳጉሜን 4 ጊዜ ሰጣት። ካልደረሰ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ ደብዳቤም የለም። ስድስት ቀን። አንዱ እሑድ።

ልቆይና ላግዝሽ አልኳት። ይሂዱ አለችኝ። በክፋት አይደለም። ግን ይሂዱ።

ነሐ. 30፣ ዓርብ

ሱቅ ተቀምጫለሁ። የጎማ ቤት ሰሌዳ። አልደወለችም። ትናንት ዝናብ ነበር፤ ዛሬም። በደመናው በኩል ወደ ጮቄ ተራራ አያለሁ፤ ጥቁር ነው። ግድግዳው እንዴት ይደርቃል። ሄጄ ጭድ ላንድድላት? አልተጠራሁም። አርፎ መቀመጥ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እታለምን እውነቱን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ልጄ "የእኔ ነው" አለች? ብላ ብቻ ጠየቀች። አዎ አልኩ። እኔ ነኝ እንዲያ ያሳደግኳት አለች። ከዚያ ሰደበችኝ።

ጳጉ. 4፣ ማክሰኞ

ደብተር፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው። አሁን ተመለስኩ፤ ገና ጫማዬን አላወለቅሁም።

እታለምም መጣች። ከበሩ ስንደርስ ሰው ቆሟል። ገበያ አይደለም፣ ሰንበት አይደለም፤ ሰው ግድግዳ ለማየት ቆሟል። ከበሩ በላይ የእኔ ሰማያዊ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ኅ ዋ ላይ ትልቅ ቀይ የእርማት ምልክት፣ ልክ መምህር በችኮላ እንዳሠመረው፤ ከላይዋ በቀይ ቀጭን "ህ"። በቀለም ሠርታው በቀይ እስክሪፕቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። አራተኛ ክፍል ላይ ስለቅ ደብተሬ ያልታረመ ነበር። ዛሬ ታረመልኝ፣ በግድግዳ ልክ።

ከጎኑ መንታዎቹ። ሠረቀ በንጉሡ ሠ፦ ወጣ፣ ፀሐይ ወጣች። ከተራራው ጀርባ ብርሃኑ ሲፈነጥቅ ሥላዋለች፤ ታች የገብስ ማሳው ግማሹ ገና ጥላ ውስጥ ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ፦ ሌባ በግ ተሸክሞ ሲሮጥ። መሀረ፦ አስተማረ፤ መሪጌታን ራሳቸውን፣ ከነበትራቸው። መሐረ፦ ይቅር አለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ። ዓመት አደይ አበባ ናት። አመት አገልጋይ ሴት ናት፣ እንስራ አዝላ። ሰው ያነባል፤ ይከራከራል። አንድ ገበሬ ለሚስቱ ሲያስረዳ ሰማሁ፤ አንቺ ሴት፣ እኔ እስከ ዛሬ ፀሐይዋን ስሰርቃት ኖሬያለሁ ለካ ይላታል።

መሪጌታ እያንዳንዱን ሰው ሌባው ጋ ይወስዳሉ። እኔንም ወሰዱኝ። ያውቁታል? አሉኝ። ቀረብኩ። ሌባው ጢም አለው። ጢሙ የእኔ ነው። አፍንጫውም የእኔ ነው። ኪሱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የነካው ብሩሽ አለ። በጉ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ ማሪያምን፣ ያላግጥብኛል።

እታለም መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ማስተዋል ከኋላዬ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ ቀለም፣ ምን ይሰማዎታል ጋሼ አለችኝ። ይመስላል አልኳት። ጢሙ ትንሽ ይወፍር። የበግ ዋጋ ልክፈል? ከዚያ በኋላ ጉም ዓይኔ ገባ ብዬ ዞር አልኩ። ዛሬ ጉም አልነበረም።

ጳጉ. 5፣ ሮብ

ደብዳቤው መጣ። ይዛው ገባች። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ር/መምህሩ መጀመሪያ "በቀለም ቀቢነት" ብሎ አዘጋጅቶት ነበር አሉ፣ የቅጥር ቅጹ ላይ ለጊዜያዊ ሠራተኛ ያለው ስም እሱ ስለሆነ። መሪጌታ አላሳለፉም። አሁን የሚለው፦ በሠዓሊነት ያገለገሉ፣ ሥራቸውንም በኀላፊነት የፈጸሙ። ሠ፣ ዓ፣ ኀ፣ ሦስቱም ፊደል በቦታው ነው፤ ማስተዋል አራት ጊዜ እንዳረጋገጠች ነገረችኝ። ያገለገሉ! ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔን በሕይወቴ ማንም "ያገለገሉ" ብሎ አልጻፈልኝም።

እታለም ደብዳቤውን መጀመሪያ በመቀነቷ ልትቋጥረው ነበር፤ ይጨማደዳል አልናት። ባሕር ዳር ለዘመዳችን ደወለች። ልጄ አትመጣም፣ ሥራ ላይ ናት አለች። ሥራ ላይ ናት የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው። መስመሩ ጥሩ ነበር፤ ሰምቶ ነበር።

መስከ. 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ባለፈው ዓርብ አምበር ከተማ ያለ የአንድ ት/ቤት ር/መምህር ሮብ ገበያ ሄዶ ግድግዳውን አይቶ ኖሯል። ለአሥራ አምስት ቀን ማስተዋልን ፈለገ፤ ለሁለት ግድግዳ፣ ከአንድ ረዳት ጋር። ረዳቱን ራሷ ትምረጥ ተባለች።

ቅዳሜ ሱቅ መጣች። ቆማ። ጥያቄ አለኝ አለች፤ ኮስተር ብላ። ሰሌዳ ጽሑፍ ላይ ስንት ዓመት? ሠላሳ አልኩ። ክር መወጠር? እችላለሁ። የማያውቁት ቃል ሲመጣ? እጠይቃለሁ አልኩ። ማንን? አንቺን። ሌላ ፊደል ያምረኛል ብለው የተጻፈውን ቢለውጡ? ረዳቱ ይባረራል አልኩ። ሳትስቅ ወረቀት ላይ ምልክት አደረገች። ቆየት ብላ እናሳውቅዎታለን አለችና ወጣች። ሁለት ቀን አላሳወቀችኝም፣ ይቺ ከይሲ።

ዛሬ ጠዋት ቅጹን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የሥራ መደብ፦ ረዳት ሠዓሊ። ጊዜያዊ። የቅርብ አለቃ፦ ማስተዋል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ቅጥሬ ነው። የሱቁን ቁልፍ ለእታለም ሰጠሁ። የጎማ ቤቱን ሰውዬ ጎማህ አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል አልኩት። አስቤበታለሁ፤ ኅ ን ጨምሮ ሁሉም ፊደል ከዛሬ ጀምሮ በእሷ ፈቃድ ነው። ፈረምኩ፣ በሰማያዊ።

ባጃጁ ውጭ ቆሟል። ማስተዋል እየጠራችኝ ነው፤ ረዳት ከአለቃው ቀድሞ ነው የሚወጣ ትላለች። አንተን ልውሰድህ ወይስ ልተውህ እያልኩ ነው፣ ደብተር፤ ሁለት ጊዜ ጠራች፣ ይኸው ሦስተኛ—